ደሴ ላይ አኳሪየምና ቃሪያ፦ የሌሊቱን ብርድ እንዴት ነው የምትችሉት?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ነገር በአንድ ላይ ልጠይቅ ነው፤ አድሚኑ ይታገሰኝ። የምኖረው ሆጤ አካባቢ ነው። ሳሎን ውስጥ 60 ሊትር የምትይዝ አኳሪየም አለችኝ። መስታወቷን እዚሁ ከተማ አስቆርጬ በሲሊኮን ያጣበቅኳት ናት። ውስጧ ጉፒ የሚባሉ ትንንሽ የጌጥ ዓሦችና የውሃ ተክሎች አሉ። በረንዳ ላይ ደግሞ አፋቸው በተቆረጠ ጀሪካኖች ቃሪያና ሚጥሚጣ ተክያለሁ።

የሁለቱም ጠላት አንድ ነው፤ ሌሊቱ። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ማታ ግን ጦሳ ተራራ ብርዱን ይለቅብናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ቴርሞሜትሩን ሳየው ውሃው 15 ዲግሪ ነው። ጉፒዎቹ ጠጠሩ ላይ ተለጥፈው አይንቀሳቀሱም። ቃሪያው ያብባል፣ አበባው ይረግፋል። ኢንተርኔት ላይ የማነበው ሁሉ «ማሞቂያ ግዛ፣ 27 ላይ አድርገው» ይላል። መብራቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ኮምቦልቻዊ

የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ና! እኛ ጋ ቃሪያ ማንም ሳይለምነው ነው የሚያፈራው 😄

ቀልዱን ትተን፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መቶ ሜትር በወጣህ ቁጥር ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ተጉዘህ አራት ዲግሪ ያህል ጣልክ ማለት ነው። ለቃሪያ ደግሞ አራት ዲግሪ ማለት ማፍራትና አለማፍራት ነው።

ባሕር ማዶ (ኖርዌይ)

ሰላም ወገን። ተወልጄ ያደግኩት ወረኢሉ ነው፤ አሁን ያለሁት ኖርዌይ ነው። እዚህ ቃሪያ የምናበቅለው እንዲህ ነው፦ ዘሩን በየካቲት ቤት ውስጥ እንዘራለን። ከላዩ የኤልኢዲ መብራት በቀን 16 ሰዓት ይበራል። ከሥሩ የማሞቂያ ምንጣፍ ይነጠፋል። አኳሪየሙም 26 ወይም 27 ላይ ይቆማል። ቀዝቃዛ አገር ላይ ሌላ መንገድ የለም። መጀመሪያ ጥሩ ማሞቂያና ጥሩ መብራት ግዛ። ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።

እትዬ ገራዶ

ልጆቼ እንዴት ዋላችሁ። አንተ የኖርዌዩ ልጅ፣ ምክርህ ለአገርህ ሸጋ ነው። እኛ ዘንድ ግን ቀኑ አይጎድልም። ፀሐይ እያለ በመብራት ቃሪያ ማሳደግ ምን ይባላል? እኔ ጓሮዬ ላይ አንድም አምፖል ሳልሰቅል ነው የምለቅመው። ቆይቼ በሰፊው እጽፋለሁ፤ አሁን ምጣድ ላይ ነኝ።

ጡረተኛው መምህር

እትዬ ያሉት እውነት ነው፤ ምክንያቱን ልጨምር። ደሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ዓመቱን ሙሉ ቀኗ ከአስራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው። በኖርዌይ ክረምት ብርሃኑም ሙቀቱም አብረው ይጠፋሉ። እዚህ የሚያስቸግረን ከፍታው ነው። ብርሃኑ በሽ ነው፤ የሚጎድለው የሌሊት ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህ የአውሮፓውን መመሪያ እንዳለ ብትገለብጠው የማያስፈልግህን ትገዛለህ፤ የሚያስፈልግህን ትዘላለህ።

አሁን ወደ 27 ዲግሪው። እኔ አልመክርህም። ምክንያቱ ከመብራት ሒሳቡ በፊት አየሩ ነው። እኛ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ባቄላ ደሴ ላይ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው፤ ውሃው 92 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 8.2 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ደሴ ላይ ያው ውሃ በዚያው ሙቀት የሚይዘው 6 ገደማ ነው። ሙቀቱን በጨመርክ ቁጥር ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። 20 ዲግሪ ላይ ብታቆመው ወደ 6.7 ከፍ ይላል።

ዓሣ ሲሞቀው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ብዙ ይፈልጋል። ውሃው ደግሞ ጥቂት ይሰጠዋል። ስለዚህ ጉፒህን 21 ወይም 22 ላይ አኑረው። እድገቱ ዝግ ይላል፣ መራባቱም ይቀንሳል። ይኖራል ግን። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይቆያል።

ባሕር ማዶ (ኖርዌይ)

የከፍታውን ነገር አስቤው አላውቅም ጋሼ። እዚህ የምንኖረው ባሕር ዳር ስለሆነ ማንም አያነሳውም።

ወልድያ ማዶ

ታዲያ ማሞቂያ ጭራሽ አይግዛ ነው የምትሉት? 15 ዲግሪ ለጉፒ ይከብዳል እኮ።

ጡረተኛው መምህር

ይግዛ እንጂ። ግን አስቀድሞ ያለውን ሙቀት ይያዝ። 60 ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 70 ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ከ15 ወደ 22 ለማድረስ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው፤ በመስታወቱ የሚያመልጠውን ሳልቆጥር። መስታወቱ ራቁቱን ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደመቅዳት ነው።

ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም ታውቀዋለህ። በጀርባው፣ በሁለቱ ጎኖችና ከሥሩ ለጥፈው። ክዳን አብጅለት፤ ብዙው ሙቀት የሚያመልጠው በላይ በኩል በሚተነው ውሃ ነው። ማታ ከፊት ለፊት ጋቢ ጣልበት። አየር መግቢያ ብቻ ተውለት። ይህን ካደረግክ በኋላ ትንሽ ማሞቂያ ከ50 እስከ 75 ዋት ይበቃሃል።

መስኮት ሥር አታስቀምጠው። ሌሊት መስኮቱ ሙቀት ይስብበታል። ቀን ደግሞ የደሴ ፀሐይ ካገኘው በአጭር ጊዜ አልጌ ይወርሰዋል።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የፎሙን ነገር ዛሬውኑ እሠራዋለሁ። መብራት ሲጠፋስ? አንዳንዴ ከማታ እስከ ጠዋት ነው።

ኮምቦልቻዊ

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያሰጋህ አየሩ ነው፤ ብርዱ ሁለተኛ ነው። በፎም የተሸፈነ ውሃ በዝግታ ነው የሚቀዘቅዘው። ማጣሪያው ሲቆም ግን የውሃው ገጽ መናወጡን ያቆማል። ሌሊት ተክሎቹም ኦክስጅን አይሰጡም፤ እነሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳሉ። ተክል የበዛበት አኳሪየም ንጋት ላይ ነው ኦክስጅኑ በጣም የሚያንሰው። ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው።

እኔ በዩኤስቢ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከፓወር ባንክ ጋር አገናኝቻለሁ። የምትስበው ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነ ሌሊቱን ታድራለች። ማጣሪያህም የስፖንጅ ይሁን፤ በዚያችው አየር ይሠራል። ፓምፕ ከሌለህ ከመተኛትህ በፊት በኩባያ እየቀዳህ ከፍ አድርገህ ደጋግመህ አፍስበት። መብራት በጠፋበት ማታ ደግሞ ምግብ አትስጣቸው። በብርድ አይፈጩትም፤ ይበሰብስና ውሃውን ያበላሸዋል።

ወልድያ ማዶ

ተክሎቹስ ምንድን ናቸው? በ20 ዲግሪ የሚሆኑ አሉ?

ጡረተኛው መምህር

አኑቢያስ፣ የጃቫ ፈርን፣ ቫሊስኔሪያ። ሦስቱም ብዙ ብርሃን አይጠይቁም፣ የካርቦን ጋዝ ጠርሙስም አይፈልጉም። በ20 ዲግሪ ቀስ ብለው ያድጋሉ። አኑቢያስና ፈርኑን ድንጋይ ላይ በክር እሰራቸው። ወፍራሙ ግንድ ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ቫሊስኔሪያ ኖራ ያለበትን ውሃ አይጠላም። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ ውሃችሁ እንደዚያ ነው።

ድንጋይና ጠጠር ከወንዝ ስታመጡ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለው፤ ውሃውን ይበልጥ ያከብደዋል። የእኛ አካባቢ ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው አያረፋም።

ውሃው ክሎሪን ካለው በባልዲ ክፍቱን አንድ ቀን ይደር። ውሃ አጋር ወይም ሌላ ማከሚያ የተጨመረበትን የመጠጥ ውሃ ግን ለዓሣ አታቅርቡ።

ሐይቅ ዳር

ተክል ከሱቅ ምን ያስገዛችኋል? እኛ ሰፈር ሞልቷል። ደሴ ድረስ በጀሪካን ልላክልህ። የቆሮሶ ዓሣ ጫጩትም ልጨምርልህ፤ ሲያድግ ትጠብሰዋለህ 😂

ኮምቦልቻዊ

ቆሮሶ በ60 ሊትር! ሳሎኑን ለቆለት ይውጣ ነው የምትለው?

ጡረተኛው መምህር

ቆሮሶ ተክል ይበላል፣ ጠጠር ይቆፍራል፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። የወሎው ሐይቅ ውስጥም ቢሆን ጥንት አልነበረም፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው ሰዎች ያስገቡት። ይኸው ዛሬ የሐይቅ ሰው እንጀራ ሆኗል።

ላብራቶሪ

ይቅርታ፣ ሐይቅ ዳር ያለውን ሳያልፍ ላቁመው። ከሐይቅም ይሁን ከቦርከና፣ ከየትኛውም ወንዝና ኩሬ ተክል ነቅላችሁ ቤት አታስገቡ። የምሠራው ጤና ላይ ነው። በወሎ ወይና ደጋና ቆላ ውሃዎች ብልሃርዚያ የታወቀ በሽታ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንሽ ቀንድ አውጣ ቅጠል ላይ ተጣብቃ ትመጣለች። እንቁላሏም ከቅጠል ሥር እንደ ልጋግ ተለጥፎ ይመጣል።

«ውሃው ሁለት ቀን ካደረ ትሉ ይሞታል» ሲባል እሰማለሁ። ውሃው ላይ የሚዋኘው ትል ሰው ካላገኘ በእርግጥ ይሞታል። ግን የተበከለችው ቀንድ አውጣ በሕይወት እስካለች ድረስ ሌላ ትለቃለች። አኳሪየም ደግሞ እጃችሁን እስከ ክርናችሁ የምትከቱበት ነገር ነው። ትሉ የሚገባው ቆዳ በስቶ ነው፤ መጠጣት አያስፈልግም። ከዚህ በፊት እንደዚያ አድርጋችሁ ከሆነ ሄዳችሁ ተመርመሩ። መድኃኒት አለው፣ ፕራዚኳንቴል ይባላል።

ወልድያ ማዶ

እንዶድ ጨምሮበት ቀንድ አውጣዋን ቢገድላትስ? እንዶድ ለዚህ ነው የሚባለው።

ላብራቶሪ

እንዶድ ቀንድ አውጣ መግደሉ እውነት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ነው ያስተዋሉት። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ብርብራም እንደዚያው ነው፤ ዓሣ ለማጥመድ ዘሩን ወቅጠው ውሃ ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። አኳሪየም አጠገብ ሁለቱንም አታድርሱ። በእንዶድ ያጠባችሁበትን ባልዲ እንኳ ውሃ አትቅዱበት።

ሐይቅ ዳር

እሺ፣ ተቀብያለሁ። ተክሉ ይቅር። ግን እናንተም የአኳሪየም ትርፍ ተክል ወደ እኛ አትጣሉብን። የእኛ ሐይቅ ከአርዲቦ ሐይቅ ይቀበላል እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባ ነገር ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው። እንቦጭ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ጣናን ምን እንዳደረገው አይታችኋል። የተከረከመውን ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ቃሪያው ሥር ቅበሩት።

እትዬ ገራዶ

መጣሁ። አሁን የቃሪያውን ልናገር።

አንደኛ፣ ምን ተከልክ? የገበያ ዛላ በርበሬ ዘር ከሆነ ምናልባት እንደ ማረቆ ፋና ያለ ትልቅ ፍሬ ነው። እሱ ረጅም ሙቀት ይፈልጋል። ኮምቦልቻና ቆቦ ቢሆን እሺ። ደሴ ግን ፍሬው ሳይቀላ ብርድ ይደርስበታል። አረንጓዴውን ቃሪያ ትከል፤ ሳይቀላ ስለሚበላ ቶሎ ይደርስልሃል። ሚጥሚጣ ከሁሉም ሰነፍ ነው። እሱን ከጀሪካን አታውጣው፤ ማታ ማታ ማድ ቤት አስገባው።

ሁለተኛ፣ ወራቱ። ሰው ሁሉ ክረምቱ ሲገባ ነው ችግኝ የሚያፈላው። እኔ በጥር ቤት ውስጥ እዘራለሁ። ውርጩና አመዳዩ ሲያልፍ፣ መጋቢት ላይ ወደ ውጭ አወጣዋለሁ። የበልጉን ዝናብ ይጠጣል፣ ግንቦት ሙቀት ላይ ያብባል፣ ሰኔ መልቀም እጀምራለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ይጫናል፣ በረዶም ይመታል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። ያን ጊዜ ጣራ ሥር አስጠጋዋለሁ።

ሦስተኛ፣ አበባው ለምን ይረግፋል ያልከው። ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ያበቡት አይዙም። ያንተ ያበበው በኅዳር ስለሆነ ነው። ጀሪካኑን ፀሐይ ሲመታው የዋለ የድንጋይ ግድግዳ አስጠጋው፤ ግድግዳው ማታ ሙቀቱን ይመልሳል። ደጅህ ነፋስ ከሌለው ደግሞ አበባውን በጣትህ ቀስ አድርገህ ነቅነቅ አድርገው።

ተክሉን ግን አትንቀለው። ቃሪያ በአንድ ዓመት የሚሞት አይደለም። ፍሬው ሲያልቅ ቅርንጫፉን ከርክመህ ከውርጭ ካስጠለልከው በሚቀጥለው ዓመት ከአዲስ ችግኝ ቀድሞ ያፈራል።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

እትዬ ዕድሜ ይስጥልኝ። በጥር ቤት ውስጥ ሲዘሩ ግን ብርዱ አያስቸግርዎትም? የእኔ ዘር አፈር ውስጥ ከርሞ በሰበሰ።

እትዬ ገራዶ

እኔ ምድጃዬ አጠገብ ነው የማፈላው። አንተ ደግሞ ከእኔ የተሻለ ነገር አለህ። አኳሪየሙ!

ጡረተኛው መምህር

እትዬ ቀደሙኝ። የቃሪያ ዘር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ቢያገኝ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይበቅላል። 15 ላይ ግን ከመብቀሉ በፊት ሻጋታ ይቀድመዋል። አኳሪየምህ 22 ነው እንበል። በክዳኑ ላይ መብራቱ አለ፤ እሱም ይሞቃል። የዘር ሳጥኑን እዚያ ላይ ብታስቀምጥ ቀን 25 ገደማ ያገኛል፣ ሌሊትም ከክፍሉ ይልቅ ይሞቃል። ዘሩን መጀመሪያ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለህ በፌስታል አስረህ አስቀምጠው። ነጩ ጫፍ ብቅ ሲል ወደ አፈር አዛውረው። ሳይበቅል የቀረውን ዘር በዚያው ታውቀዋለህ። አንዴ ከበቀለ ግን ከክዳኑ አንስተህ ፀሐይ ስጠው፤ አለበለዚያ ቀጥኖ ይወድቃል።

ኮምቦልቻዊ

ውሃውንም አትድፋው። በየሳምንቱ ሩቡን ትቀይር የለ? እሱ ለቃሪያ ማዳበሪያ ነው። የዓሣው ኩስ አሞኒያ ይሆናል፣ ባክቴሪያዎቹ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፣ ናይትሬቱን ተክል ይወስደዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ጀሪካን ሁለት ጊዜ ሲሠራ ማሻአላህ ነው።

እትዬ ገራዶ

ሲበዛ ግን ቅጠል ብቻ ያደርገዋል። ማበብ ሲጀምር ግማሹን ተራ ውሃ አድርገው። ለፍሬው ትንሽ የምድጃ አመድ አፈሩ ላይ በተንልኝ። ትንሽ አልኩ፤ አንድ ጭብጥ ለአንድ ጀሪካን ይበዛበታል።

ላብራቶሪ

ዓሣው ታሞ መድኃኒት ወይም ጨው የጨመራችሁ ዕለት ያን ውሃ ለሚበላ ነገር አታጠጡ። በተቃራኒውም ቃሪያው ላይ የተባይ መርዝ ረጭታችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ አኳሪየሙን አትንኩ። ለዓሣ ጠብታዋም ትበቃለች። ክሽክሽ ከመጣ ቅጠሉን በውሃ እጠቡት፣ ካልሆነ በለሰለሰ የሳሙና ውሃ። እሱም ከአኳሪየሙ ርቆ፣ ውጭ።

ባሕር ማዶ (ኖርዌይ)

አንድ ነገር ይፈቀድልኝ፤ የመጀመሪያውን ምክሬን ስላፈረሳችሁት ሌላ ላምጣ 😄 ሮኮቶ የሚባል ቃሪያ አለ። አገሩ የአንዲስ ተራሮች ነው፣ ፔሩና ቦሊቪያ። ቅጠሉ ፀጉራም ነው፣ አበባው ሐምራዊ፣ ዘሩ ጥቁር። ፍሬው ትንሽ ቲማቲም ያክላል፤ ግን ያቃጥላል! ሌሎቹ ቃሪያዎች በሚኮማተሩበት ቅዝቃዜ እሱ ያፈራል። ውርጭ ግን አይችልም። እኔ እዚህ ስሞክረው የሚያስቸግረኝ ረጅሙ የክረምት ጨለማ ነው። ደሴ ያለው ፀሐይ ቢኖረኝ!

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ስትመጣ ዘሩን ኪስህ ውስጥ ይዘህልኝ ና በለኛ!

ጡረተኛው መምህር

ኪስ ውስጥ አይሆንም። ዘር ድንበር ሲሻገር የጤና ሰርተፍኬት አለው፣ የኳራንቲን ምርመራም አለ። የቃሪያ ቫይረስ በዘር ይተላለፋል። አንድ ዘር ተብሎ የመጣ በሽታ የቆቦን በርበሬ ገበሬ እንዳይጎዳ። በሕጉ መንገድ ካመጣኸው ግን እኔም ከተራ እገባለሁ።

ባሕር ማዶ (ኖርዌይ)

እሺ ጋሼ፣ ሰርተፍኬቱን እጠይቃለሁ። ካልሰጡኝ ወሬውን ብቻ ይዤ እመጣለሁ።

ኮምቦልቻዊ

ጦሳ ሥር፣ 22 ላይ ስታደርጋቸው ጉፒዎቹ ቀስ ብለውም ቢሆን መራባታቸው አይቀርም። ትርፉን ለእኔ። በእንዶድ ውሃ ይሁን በቦርከና እንዳትጥላቸው።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ያንተ ናቸው። በፌስታል አስሬ በሚኒባስ ብልካቸው ይደርሳሉ?

ጡረተኛው መምህር

ይደርሳሉ። ሲሶውን ውሃ፣ ቀሪውን አየር አድርግ። ከላክህበት ዕለት በፊት አንድ ቀን አታብላቸው። ፌስታሉን በጋዜጣ ጠቅልለህ ካርቶን ውስጥ አስገባው። ሐረጎን ሲወርድ የውጭው ግፊት ስለሚጨምር ፌስታሉ ይሟሽሻል፤ ፈሰሰ ብሎ እንዳይደነግጥ ንገረው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚላክ ከሆነ ግን ወጥረህ አትሰር፤ ሲወጣ ይነፋል።

ኮምቦልቻዊ

እሁድ ከሰዓት መናኸሪያ እጠብቃለሁ። ቃሪያ ችግኝ በምላሹ እልክልሃለሁ፤ የእኛው አረንጓዴ ነው፣ አፈሩን አራግፌ።